እስከ ሞያሌ ቀኝ፣ ከሞያሌ ወዲያ ግራ

ኢትዮጵያ ከምትዋሰናቸው ስድስት አገሮች ውስጥ መኪና በመንገዱ ግራ በኩል የሚነዳው በኬንያ ብቻ ነው። ከባሌ ጎሮ ተነስቶ በሮቤ፣ በዶዶላና በሻሸመኔ፣ ከዚያም በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ አድርጎ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሹፌር እስከ ሞያሌ ቀኙን ይዞ ይነዳል። ሞያሌ ድንበር ለሁለት የከፈላት ከተማ ናት። የኢትዮጵያና የኬንያ መሪዎች በኅዳር 2013 ዓ.ም. በጋራ የመረቁት የድንበር ኬላ የሚገኘውም እዚያው ነው። ኬላውን አልፎ ኬንያ የገባ መኪና መስመሩን ለቆ ወደ ግራ መዞር አለበት።

ኢትዮጵያም ብትሆን ከጥንት ጀምሮ የቀኝ አገር አልነበረችም። እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ መኪና የሚነዳው በግራ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ወደ ቀኝ ተዛወረ። ስዊድን ይህንኑ ለውጥ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን ሱዳን ደግሞ በ1973 ተከተለች። ኬንያ ከእንግሊዝ የወረሰችውን ግራ ነጻ ከወጣች በኋላም ይዛው ቆየች። ዩጋንዳና ታንዛኒያም በግራ የሚነዱ በመሆናቸው ብቻዋን ብትቀይር ከዋና የንግድ ሸሪኮቿ ጋር በየኬላው መቸገሯ አይቀርም ነበር። ኢትዮጵያ ለውጡን ያደረገችው መኪና ጥቂት በነበረበት ዘመን መሆኑ በጀ፤ ዛሬ ቢሆን አዲስ አበባ ላይ ያሉትን አደባባዮች ብቻ መገልበጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር መገመት አያዳግትም።

ጎኑ ሲለወጥ አብረውት የሚገለበጡት ነገሮች ብዙ ናቸው። ሹፌር ሁልጊዜ ወደ መንገዱ መሀል ተጠግቶ እንዲቀመጥ ስለሚፈለግ የኢትዮጵያ መኪና መሪ በግራ፣ የኬንያው በቀኝ ነው። ጃፓን በግራ የምትነዳ አገር በመሆኗ ከዚያ የሚመጣ ያገለገለ መኪና ለኬንያ እንዳለ ይሆናል። የኬንያ ሕግ ዕድሜው ከስምንት ዓመት ያልበለጠና መሪው በቀኝ የሆነ መኪና ብቻ እንዲገባ ይፈቅዳል። ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት የጃፓን መኪኖች ግን መሪያቸው በዱባይ ጋራዦች ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ብዙ ናቸው። አዋቂ ገዢ ዳሽቦርዱን ከፍቶ የሚያየውም ለዚህ ነው።

መሪው በግራ የሆነ የጭነት መኪና ኬንያ ውስጥ ሲነዳ ሹፌሩ የሚቀመጠው በመንገዱ ዳር በኩል ነው። ከፊቱ ያለውን መኪና ለመቅደም ሲፈልግ ከወዲያ የሚመጣውን ለማየት ግማሽ አካሉን ወደ ተቃራኒው መስመር ማውጣት አለበት። በዚህ ጊዜ የሹፌሩ ዓይን ረዳቱ ይሆናል፤ «አለ»፣ «የለም»፣ «ግባ» እያለ ከጎኑ ይነግረዋል። የአውቶቡስ በርም እንዲሁ ነው፤ ቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ አውቶቡስ ኬንያ ውስጥ ዳር ይዞ ሲቆም ተሳፋሪው የሚወርደው ከአስፋልቱ መሀል ላይ ነው። መብራቱ ደግሞ ሹፌሩ ራሱ የማያየው ጣጣ አለው። የመኪና አጭር መብራት የሚሠራው የራስን ዳር ትንሽ ራቅ አድርጎ እንዲያሳይ፣ በመሀል በኩል ግን ዝቅ እንዲል ተደርጎ ነው። ስለዚህ የቀኝ አገር መብራት በግራ አገር ሲበራ የሚያጥበረብረው ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ነው።

የፍሬቻ ቋንቋም ይገለበጣል። በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ከኋላው ለሚመጣው የቀኝ ፍሬቻ ሲያበራ «መንገዱ ነጻ ነው፣ እለፍ» ማለቱ ነው፤ ግራውን ካበራ «ቆይ፣ የሚመጣ አለ» ማለት ነው። ይህ በየትኛውም ደንብ አልተጻፈም፤ ሹፌር ከሹፌር የለመደው ነው። በኬንያ ግራው «እለፍ»፣ ቀኙ «ቆይ» ይሆናል። ልማዱን ያልገለበጠ ሰው ክልከላውን እንደ ፈቃድ ያነበዋል። አደባባይ ላይ ኢትዮጵያዊው ከግራው ለሚመጣው ቅድሚያ ሲሰጥ ኬንያዊው ከቀኙ ለሚመጣው ይሰጣል። እግረኛም ከዚህ አይቀርም፤ የእግረኛ መንገድ በሌለበት የኢትዮጵያ ሕፃን ግራውን ይዞ፣ መኪናውን ከፊት እያየ እንዲሄድ ሲማር የኬንያው ሕፃን በዚያው ምክንያት ቀኙን ይይዛል።

አዲስ አገር የገባ ሹፌር የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ መኪና በበዛበት ቦታ አይደለም። እዚያ ሌሎቹ ይመሩታል። አደገኛው ሻይ ጠጥቶ ወይም አርፎ ሲነሳና መንገዱ ባዶ ሲሆን ነው። ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ያለው ደረቅ ሜዳ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ከፊት መኪና ላይመጣ የሚችልበት መንገድ ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ ሁለቱ አገሮች የተለያየ አካሄድ አላቸው። የኢትዮጵያ ሹፌር በማሠልጠኛ ለዓመታት የተማረው ሠንጠረዥ የመኪናውን ዓይነትና የመንገዱን ደረጃ አንድ ላይ ያያል፤ አውቶሞቢል በከተማ 60፣ ከከተማ ውጭ አንደኛ ደረጃ መንገድ ላይ 100፣ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ተመልሶ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ሠንጠረዡ ተሳቢ ላለው ከባድ መኪና በከተማ የሚፈቅደው 30 ብቻ ነው። ኬንያ በከተማ ለሁሉም 50 ታደርግና ከከተማ ውጭ የሕዝብና የጭነት መኪናን በ80 ትገታለች። ለሕዝብ ማመላለሻዎች ይህ ገደብ በወረቀት ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2004 መጀመሪያ ላይ በሥራ ላይ የዋለውና በጊዜው የትራንስፖርት ሚኒስትር በነበሩት በጆን ሚቹኪ ስም የሚጠራው ደንብ ማታቱ የሚባለው የኬንያ ታክሲ ሁሉ የፍጥነት መገደቢያ እንዲገጠምለት፣ ወንበሩ ቀበቶ እንዲኖረው፣ በጎኑ ቢጫ መስመር እንዲቀባ፣ ሹፌሩና ረዳቱም የደንብ ልብስ እንዲለብሱ አስገድዷል። ባለ ማታቱዎቹ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። ደንቡ እንደ መጀመሪያው ወር ጠንክሮ ባይቀጥልም ቢጫው መስመር እስከ ዛሬ አለ።

የታክሲው ዓለም ለየቅል ነው። በኢትዮጵያ የጉዞ ዋጋ በመንግሥት ታሪፍ ይወሰናል፤ መኪናውም መናኸሪያ ገብቶ ተራውን ይጠብቃል። ሮቤ መናኸሪያ ውስጥ ወደ ጎሮ ወይም ወደ ጊኒር የሚሄድ ቅጥቅጥ እስኪሞላ ይቆማል፣ ተራ አስከባሪው ያስወጣዋል፤ ከከተማው መውጫ ኬላ ወዲያ ደግሞ ትርፍ ሰው ይጭናል። በኬንያ ማታቱ ዋጋውን ራሱ ያወጣል፣ ዝናብ ሲዘንብና ሰው ሲበዛም ይጨምራል። በሌላ በኩል ኬንያ ውስጥ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሌሊቱን ሙሉ ይጓዛል፤ የኢትዮጵያው ግን ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ሲመሽ ማደር የኖረ ልማዱ ነው። ባለሞተሩም ሌላ ልዩነት ነው። ኬንያን ቦዳ ቦዳ የሚባለው የሞተር ታክሲ ሞልቷታል፤ አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ፈቃድ የሌለውን ሞተር ሳይክል ከመንገዷ አግዳለች። ሮቤና ጎባ ላይ ሰው የሚያመላልሰው ባጃጅ ነው።

የባሌ ደጋ መንገድ ሁለቱም የደንብ መጻሕፍት በደንብ ያልደረሱበት ቦታ ነው። ሲናና፣ አጋርፋና ጎሮ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚያመርቱ ኮምባይነር አስፋልቱ ላይ የሚወጣው በአንድ ወቅት ብቻ አይደለም። አጫጁን ፊቱ ላይ እንደ ተሸከመ ከማሳ ወደ ማሳ ሲሄድ የመንገዱን ሁለት መስመር ሙሉ ለሙሉ ይይዘዋል። ቀኝም ግራም የለም፤ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ጠርዝ ላይ ወርዶ ይጠብቃል፤ አንዳንዴም አንድ ልጅ ከፊት እየሮጠ በእጁ ምልክት ይሰጣል። ፈረሰኛው፣ ጋሪው፣ ገበያ የሚነዳ የበግ መንጋ ይህንኑ አስፋልት ይጋራሉ። በሕጉ እንስሳ ያለ ጠባቂ መንገድ ላይ መለቀቅ የለበትም። መኪና በግ ወይም ላም ሲገጭ ግን ጉዳዩ ብዙ ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ ሳይደርስ በሽማግሌ፣ እዚያው መንገድ ዳር ያልቃል፤ ሹፌሩም ቢሆን መብቱን ቆጥሮ ከመከራከር መክፈሉን ይመርጣል።

ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። ከላይ እስከ ታች ከ2,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ሞርቶ አድርጎ የሚለቅ ሹፌር ፍሬኑን ያግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ከታችኛው ኩርባ ላይ አይይዝም። በዚህ ክፉ ልማድ የሁለቱ አገሮች ሹፌሮች አይለያዩም። ከናኩሩ ወደ ኤልዶሬት በሚወስደው መንገድ ሳልጋ የሚባለው ቁልቁለት በዚሁ በሞርቶ በሚለቀቁ ከባድ መኪኖች ምክንያት ስሙ የከፋ ሆኗል። ጠባብ ዳገት ላይ ሁለት መኪና ሲገናኝ ዓለም አቀፉ የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት የሚወርደው ዳር ይዞ የሚወጣውን እንዲያሳልፍ ያዛል፤ ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ላይ ከቆመ እንደገና መነሳቱ ከባድ ነውና።

ሳነቴ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። ከሻሸመኔ ወደ ሮቤ የሚያልፈው ዋናው መንገድም ዲንሾ አካባቢ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ስለሚያቋርጥ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ ከመኪና መስኮት ይታያሉ። መኪና ገጭቷቸው የሞቱ ቀበሮዎችም አሉ። በኬንያ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ የፍጥነት ወሰኑ 40 ኪሎ ሜትር ሲሆን መንገዱ ግን በአብዛኛው የጎብኚ ነው። የባሌው መንገድ አውቶቡስም፣ አይሱዙም፣ እህል የጫነ ሲኖትራክም የሚመላለስበት ያገር መንገድ ስለሆነ ሹፌሩ ፓርክ ውስጥ መግባቱን የሚያስታውሰው ከታፔላው ሌላ ብዙ ነገር የለም።

ድንበር ለሚሻገር ሰው ከመስመሩ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ወረቀት ነው። በኢትዮጵያ ያለ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ መኪና መንዳት አይቻልም። ሕጉ በመኪና አደጋ የተጎዳ ማንኛውም ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝም ይፈቅዳል። ኬንያም የራሷ የሦስተኛ ወገን ግዴታ አላት። አንዱ አገር የተገዛው ኢንሹራንስ በሌላው አገር እንዲሠራ የሚያደርገው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ሲሆን ኢትዮጵያም ኬንያም አባል ናቸው። ካርዱ ከአገር ሳይወጣ ከራስ ኢንሹራንስ ኩባንያ ይገዛል። ካርዱ ባለቤቱ በሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት ይከፍላል፤ ለባለቤቱ መኪና ጥገና ግን አይከፍልም።