ያውቁ ኖሯል? የሜክሲኮው አደራ

በሮምና በቶኪዮ ኦሊምፒክ አከታትሎ የማራቶንን አክሊል የተቀዳጀው ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲቲ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰልፎ፣ በእግሩ ሕመም ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሮጦ ከውድድሩ ሲወጣ፣ ድሉን ለክብር ዘበኛ ባልንጀራው ለማሞ ወልዴ በአደራ እንደ ተወለት የሚነገር መሆኑን ያውቁ ኖሯል?

ማሞም አደራውን አልበላም፤ ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ፈጽሞ፣ ሁለተኛ የወጣውን ጃፓናዊ ኬንጂ ኪሚሃራን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀደመው። በሜክሲኮ ከፍታ፣ 2,240 ሜትር ላይ፣ ብዙ ባዕዳን ሯጮች ትንፋሽ ቢያጥራቸውም፣ ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በእግሩ ለሚመላለስ የላስታ ሰው እንዲህ ያለው አየር የዘወትር ነው።

አበበን መምህር፣ ማሞን ደቀ መዝሙር አድርገው አስበው ከሆነ ግን ጥቂት ይታገሡ፤ ሁለቱ እኩያሞች ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል በ800ና በ1,500 ሜትር የሮጠው ማሞ ነው፤ የአበበ ስም ገና በዓለም አልተሰማም ነበር።

በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ፣ በመኪና አደጋ ሰውነቱ የተጎዳው አበበ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በክብር እንግድነት ሲገኝ፣ ሕዝቡ ብድግ ብሎ በጭብጨባ ተቀበለው፤ ማሞም በዚያው ኦሊምፒክ በ40 ዓመቱ የማራቶን ነሐስ አገኘ።