ያውቁ ኖሯል? ጤነኛ የምትመስለው ዶሮ

ጓሮ ስትጭር የምትውለው ዶሮ ሳልሞኔላ ይዛ ምንም ላይታይባት ይችላል። ትበላለች፣ ትጥላለች፣ ታስካካለች፤ ባክቴሪያው ግን በኩሷ ይወጣል። ኩሱ ደርቆ አቧራ ከሆነ በኋላ እንኳ ለወራት ሊቆይ ይችላል። እንደ ፊልቱ ባለ ደረቅ ቆላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዶሮዋ ሰው በሚተኛበት ቤት ቆጥ ላይ የምታድር ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

የሳልሞኔላ ስያሜ የአሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም የዳንኤል ሳልሞን ነው። በ1885 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ያገኘው ግን ረዳቱ ቴዎባልድ ስሚዝ ነበር። አለቃ መሆን እንዲህ ይጠቅማል!

ታይፎይድም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ሆኖም የታይፎይዱ ዝርያ የሚኖረው ሰው ላይ ብቻ ስለሆነ በዶሮ አይሳበብም። ከዶሮ የሚመጣው ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ያስከትላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ውስጥ ይጀምራል። በሕፃናትና በአረጋውያን ላይ ይበረታል።

የዶሮዋን አሥራ ሁለት ብልት በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ የባለሙያ ወግ ነው። ወጉ ሥጋውን ቢያጠራም ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ የሚገድለው እሳት ነው፤ የሥጋው መሃል 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ። ስለዚህ ሲንተከተክ የቆየው ዶሮ ወጥ አያሰጋም። የሚያሰጋው እጣቢው የተፈናጠረበት ሰላጣ፣ በቅጡ ያልታጠበው ቢላዋና መክተፊያ፣ ጥሬ እንቁላል መጠጣት፣ እንዲሁም ጫጩት አቅፎ ሲስም የዋለ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ወደ ማዕዱ መቅረቡ ነው።