ተጨማሪ መረጃ፦ ብዙ ፕሮሰሶች የሚጋሩት ሜሞሪ

ሜሞሪ የሚያከፋፍለው ፋንክሽን ማሎክ (malloc) የሚሰጠን አድራሻ ትርጉም ያለው በጠየቀው ፕሮሰስ ውስጥ ብቻ ነው። ሁለት ፕሮሰሶች አንድን የጋራ ሜሞሪ ሲከፍቱ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ለአንዱ ከ40960፣ ለሌላው ከ81920 ጀምሮ ሊያሳያቸው ይችላል። አንዱ በ41060 የሚያገኘውን ዳታ ሌላው የሚያገኘው በ82020 ነው። ስለዚህ የጋራ ሜሞሪውን የሚያከፋፍለው አሎኬተር በነፃ ቦታዎች ዝርዝሩ ላይ የሚጽፈው ሙሉውን አድራሻ ሳይሆን ከመነሻው ያለውን ርቀት፣ ማለትም 100ን ነው።

ይህ ቀላሉ ነው። የሚያስቸግረው የፕሮሰስ ድንገተኛ ሞት ነው። አንዱ፣ ዝርዝሩን በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮሰስ ብቻ እንዲነካው የሚያደርገውን ሎክ እንደያዘ፣ ዝርዝሩንም ገና አስተካክሎ ሳይጨርስ ቢሞት፣ ሌሎቹ የማይመጣ ተራ ሲጠብቁ ይቀራሉ። የፖዚክስ ሮበስት ሚውቴክስ የተባለው የሎክ ዓይነት የባለቤቱን መሞት ለቀጣዩ ጠያቂ ያሳውቃል፤ በግማሽ የቀረውን ዝርዝር ግን አይጠግንም፤ ጥገናው የፕሮግራመሩ ዕዳ ነው።

ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ጭካኔ የሚመስል መንገድ መርጧል፦ ደንበኛን ከሚያስተናግዱት ፕሮሰሶች አንዱ ከወደቀ፣ የቀሩትንም አስቁሞ የጋራ ሜሞሪውን እንደ አዲስ ያዘጋጃል። ለዳታቤዝ ትክክለኛው ውሳኔ ይኸው ነው፤ የተቋረጠ ግንኙነት በቀላሉ ይቀጠላል፣ ዲስክ ላይ የደረሰ የተበላሸ ዳታን ማስተካከል ግን እጅግ ከባድ ነው።