በሞንትጎመሪ አውራጃ የሥራ ብዛትና የወደፊት ዕድገቱ ግምት

ከዋሽንግቶን ከተማ አጠገብ፣ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ፣ ሞንትጎመሪ የሚባል አውራጃ (በአገሩ አጠራር ካውንቲ) ይገኛል። በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ ስሙ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአውራጃው ስንት ሥራ አለ፣ ወደፊትስ ስንት ይጨመራል የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች እንዴት እንደሚመለሱ መግለጽ ነው። ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ። ይሁን እንጂ መልሱ በተሳሳተ መንገድ የተነበበ እንደ ሆነ መንገዱም ትምህርት ቤቱም ያለ ቦታው ይሠራል። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1ኛ፤ የአውራጃው አስተዳደግ

በ1950 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የአውራጃው ነዋሪ 164,401 ነበር። በ1960 ቁጥሩ 340,928 ደረሰ፤ ይኸውም በዐሥር ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። በ2020 ደግሞ 1,062,061 ሆኗል። በመጀመሪያ ጊዜ ከአዲሶቹ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ጠዋት ወደ ዋሽንግቶን ሄደው ሠርተው ማታ ለማደር የሚመለሱ ነበሩ። ነገር ግን ፌዴራላዊው መንግሥት መሥሪያ ቤቶቹን ከዋናው ከተማ ወደ ዳር ማውጣት ሲጀምር ሥራው ራሱ ነዋሪውን ተከትሎ መጣ። የብሔራዊ ጤና ምርምር ተቋሞች ሕንፃ በቤተስዳ በ1938 ተጀመረ፤ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ጀርማንታውን ሄደ፤ የመለኪያና የደረጃ መሥሪያ ቤትም በ1960ዎቹ ወደ ጌተርስበርግ ተዛወረ። ዋሽንግቶንን የሚከበው አውራ ጎዳና በ1964 ተፈጸመ፤ የከተማው ባቡር በ1978 ሲልቨር ስፕሪንግ ደረሰ። ኋላም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በኋይት ኦክ ተሰበሰበ። በነዚህ መሥሪያ ቤቶች ዙሪያ መድኃኒት የሚመራመሩና ለመንግሥት በኮንትራት የሚሠሩ ኩባንያዎች ተተከሉ።

2ኛ፤ ሁለት ዓይነት ቆጠራ

አንባቢ አስቀድሞ ሊለየው የሚገባ ነገር አለ። «በአውራጃው ውስጥ ያለ ሥራ» እና «ሥራ ያለው የአውራጃው ነዋሪ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የሚቆጠረው በሥራው ቦታ ነው፤ ዋናው ምንጩም አሠሪዎች ለሥራ አጥነት ኢንሹራንስ የሚያቀርቡት መዝገብ ነው። ሁለተኛው የሚቆጠረው ሰውዬው በሚያድርበት ቤት ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ በዋሽንግቶን ጐዳናዎች በራሱ ታክሲ የሚሠራ ኢትዮጵያዊን እንውሰድ። በሁለተኛው ቆጠራ ባለ ሥራ ይባላል። በመጀመሪያው ግን አሠሪ ስለሌለው በሞንትጎመሪም ሆነ በዋሽንግቶን መዝገብ አይገኝም። በአንጻሩ በአንድ ጊዜ ለሁለት አሠሪዎች የሚሠራ ሰው በአሠሪዎች መዝገብ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

የሥራ አጥነት መቶኛም ጥንቃቄ ያሻዋል። በአሜሪካ መንግሥት የቆጠራ ደንብ መሠረት ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ የሌለው፣ ለመሥራት ዝግጁ የሆነና ባለፉት 4 ሳምንታት ሥራ የፈለገ ሰው ነው። በሳምንቱ አንድ ሰዓት እንኳ ተከፍሎት የሠራ ባለ ሥራ ይባላል። ለምሳሌ ከ100 ሰዎች 5ቱ ሥራ አጥ ቢሆኑ ቁጥሩ 5 በመቶ ነው። ከአምስቱ ሁለቱ ተስፋ ቆርጠው ፍለጋውን ቢተዉ፣ ከ98 ሰዎች 3 ብቻ ይቀሩና ቁጥሩ ወደ 3 በመቶ ዝቅ ይላል። ሆኖም አንድም አዲስ ሥራ አልተከፈተም።

3ኛ፤ የወደፊቱ ግምት እንዴት ይዘጋጃል?

በ1957 የተመሠረተው የዋሽንግቶን አካባቢ መንግሥታት ምክር ቤት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከአውራጃዎቹ ጋር በመተባበር የሕዝብ፣ የቤተሰብና የሥራ ግምት ያወጣል። አሠራሩ በሁለት አቅጣጫ ነው። ከላይ ወደ ታች፣ የአገሩን ኤኮኖሚ አካሄድ በመመልከት ለአካባቢው በጠቅላላ ሊደርስ የሚችለው ሥራ በሒሳብ ይሰላል። ከታች ወደ ላይ፣ እያንዳንዱ አውራጃ የተፈቀዱ ሕንፃዎችን፣ ባዶ ቢሮዎችንና የመሬት አጠቃቀም ሕጉን ቆጥሮ የራሱን ግምት ያቀርባል። ከዚያም ሁለቱ ተነጻጽረው ይታረቃሉ። የጸደቀውም ግምት ለመንገድና ለባቡር ዕቅድ መሠረት ይሆናል።

እንግዲህ ግምቱ ትንቢት አይደለም። «ነገሩ እስከ ዛሬ በሄደበት ከሄደ» የሚል ሁኔታ ከሥሩ አለ። በሞንትጎመሪ ከዚህ ሁኔታ ዋነኛው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጸንተው መቆየት ነው።

4ኛ፤ ሁኔታው ሲናወጥ

ይህ በ2025 ተፈተነ። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር የአሜሪካ የጤና ሚኒስቴር ከምግብና መድኃኒት አስተዳደር 3,500 ያህል፣ ከብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋሞች ደግሞ 1,200 ያህል ሠራተኞች እንደሚቀነሱ አስታወቀ። ቁጥሩ በመላው አገር ያሉትን ሠራተኞች የሚመለከት ቢሆንም የሁለቱም ዋና መሥሪያ ቤት በሞንትጎመሪ ነው። የሕንፃ ፈቃድ የሚቆጥር ሰው እንዲህ ያለውን ውሳኔ አስቀድሞ ሊያይ አይችልም፤ ሕንፃው እንደ ቆመ ሥራው ሊጠፋ ይችላልና።

ጉዳቱም ከተሰናባቹ ጋር አይቆምም። የተመራማሪው ደመወዝ በምግብ ቤት፣ በሕፃናት ማቆያና በልብስ ንጽሕና ቤት የሌላው ሰው ገቢ ነበር። አውራጃውም ትምህርት ቤቶቹን ከሚያስተዳድርበት ገንዘብ አንዱ ከነዋሪዎቹ ገቢ የሚሰበሰበው ግብር ነው።

ማጠቃለያ

ስለዚህ ስለ ሥራ ዕድገት የሚናገር ማናቸውም ሠንጠረዥ ሲቀርብልን ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ የተቆጠረው ሥራው ነው ወይስ ሰውየው? ከቆጠራው ውጭ የቀረው ማን ነው? ግምቱ የተመሠረተው በምን ሁኔታ ላይ ነው? በአንድ አሠሪ ላይ የተደገፈ አውራጃ ቁጥሩ ቢያምርም መሠረቱ ጠባብ ነው። ግምት አውጪውም ከአንድ ቁጥር ይልቅ ዋናው ሁኔታ ቢለወጥ የሚሆነውን ጭምር ቢያሳይ፣ መንገድ የሚሠሩትም ግብር የሚከፍሉትም የሚጠብቃቸውን አስቀድመው ያውቃሉ።