ከዋክብትን በብርሃናቸው የለዩ ካህን

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና ሳይንስ አብረው ሲነሡ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የጋሊልዮን ፍርድ ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ «ኢየሱሳውያን» የሚለው የካቶሊክ ማኅበር ስም የአፄ ሱስንዮስን ዘመን ደም መፋሰስ ያስታውሳል። ሁለቱም የማይካዱ ታሪኮች ናቸው። ሆኖም ከዚሁ ማኅበር የወጡት ጣልያናዊው አባ አንጄሎ ሴኪ (እ.ኤ.አ. 1818–1878) የኖሩት ሕይወት፣ ክህነት ለሳይንስ መቆሚያም ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል።

አባ ሴኪ ማኅበሩን የተቀላቀሉት በ1833 ነው፤ ፊዚክስ የተማሩትም ያስተማሩትም በማኅበሩ ትምህርት ቤቶች ነው። በ1848ቱ አብዮት ኢየሱሳውያን ከሮም ሲባረሩ የማኅበሩ አባላት በእንግሊዝ፣ ከዚያም በዋሽንግተን ጆርጅታውን አስጠግተዋቸዋል። ተመልሰው የሮም ኮሌጅ የሥነ ፈለክ መመልከቻ ኃላፊ ሲሆኑ ለቴሌስኮፑ የማይነቃነቅ መሠረት አስፈለጋቸው፤ ትንሽ ንዝረት እንኳ ምስሉን ያበላሻልና። ያገኙትም በቅዱስ ኢግናጥዮስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግዙፍ ጉልላት እንዲሸከሙ የታነጹት ዓምዶች ጉልላቱ ሳይሠራ በመቅረቱ ባዶ ቆመው ነበር፤ አዲሱ መመልከቻ በእነሱ ላይ ተተከለ።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮንት በ1835 የከዋክብትን ኬሚካላዊ ይዘት የሰው ልጅ መቼም አያውቀውም ብሎ ነበር። በ1860 ገደማ ግን ኪርኾፍና ቡንሰን እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በብርሃን ውስጥ የራሱ መለያ መስመሮች እንዳሉት አሳዩ። አባ ሴኪ የከዋክብትን ብርሃን በፕሪዝም እየበተኑ 4,000 ያህሉን መረመሩ፤ በመስመሮቻቸውም እንደ ሲሪየስ ያሉትን ነጮች፣ እንደ ፀሐይ ያሉትን ቢጫዎች፣ እንደ ቤተልጌውዝ ያሉትን ቀዮች በየወገናቸው ለዩ። በ1865 ደግሞ ነጭ ሰሌዳ በገመድ ወደ ባሕር እያወረዱ ከዓይን እስኪሰወር ያለውን ጥልቀት በመለካት የውኃውን ጥራት መረመሩ። በስማቸው የሚጠራው ይህ ሰሌዳ ዛሬ ጣና ሐይቅን የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም መሣሪያ ነው።

«ይህ የግል ችሎታቸው ፍሬ እንጂ የማኅበሩ አይደለም» የሚል ይኖራል። ችሎታው በእርግጥ የራሳቸው ነው፤ ትምህርቱን፣ የስደት መጠለያውንና ዓምዶቹን ያገኙት ግን በማኅበሩ በኩል ነው። «ምደባቸው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ምደባ ተተክቷል» የሚለውም እውነት ነው፤ ሆኖም የሃርቫርድ ባለሙያዎች የተከተሉት እሳቸው የጠረጉትን መንገድ፣ ኮከብን በብርሃኑ መስመሮች መለየትን ነው። የጣልያን መንግሥት በ1873 ኮሌጁን ሲወርስ እንኳ ለጳጳሱ ታማኝ የነበሩትን እኚህን ካህን ከመመልከቻቸው አላስነሣም። የአባ ሴኪ ታሪክ በጋሊልዮ ላይ የተፈጸመውን በደል አይሽርም፤ ነገር ግን አንድን ተቋም ስንመዝን ያፈነውን ጥያቄ ብቻ ሳይሆን ጊዜና ቦታ ሰጥቶ ያሳደገውንም ጥያቄ አብረን እንድንቆጥር ያስገድደናል።