በመንገድ ላይ ያረፈ ምእመን፦ ቀብርና ተዝካር በዲቾቶ

ጎዳናው ዲቾቶ ላይ ሲደርስ አንዱ ወደ ጋላፊ፣ ሌላው ወደ አሰብ ይከፈላል። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የከባድ መኪናው ጉዞ ወደ ጅቡቲ ስለ ዞረ፣ በዚህ የሚያርፍ ምእመን አጥቢያውና ዘመዱ ሩቅ የሆነበት ሹፌር ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ «ከአባቶቹ አጠገብ ይረፍ» ይላል፤ የቆላው ሙቀት ግን አስከሬን አያቆይም።

ምኞቱ የሚናቅ አይደለም። ይሁንና ነፍስን የሚረዳት ጸሎተ ፍትሐትና ምጽዋት እንጂ የመቃብሩ ስፍራ አይደለም። ሥጋው በቆላ ቢያርፍም የ40 ቀን መታሰቢያው በትውልድ አጥቢያው ሊደረግ ይችላል። ድግሱም ቢሆን (ብዙዎችን ዕዳ ውስጥ የጣለው እርሱ ነው) በልማድ የተጨመረ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ቀብር በ50 ሰው ሲወሰን ፍትሐቱ አልቀረም።

ዕድር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተስፋፋው ከአገሩ የራቀ ሰው ጎረቤቱን ዘመድ በማድረጉ ነው፤ ዕድር ግን ለአባሉ እንጂ ለአላፊው አይደርስም። የአላፊው ሸክም የሰበካ ጉባኤው ነው፤ ከፈንና የመቃብር ቦታ አስቀድሞ ይዘጋጅ። ከሁሉ የሚከብደው ስሙ ነው። ካህኑ ፍትሐት የሚያደርሰው በክርስትና ስም ሲሆን፣ ረዳቱ የሚያውቀው ግን ብዙ ጊዜ የቅጽል ስሙን ብቻ ነው። ስለዚህ ሹፌሮች የክርስትና ስማቸውንና የአጥቢያቸውን ስም ጽፈው ከመንጃ ፈቃዳቸው ጋር እንዲይዙ ካህናት ይምከሩ።