ግመል አርቢዎቹም ይጽፉ ነበር፦ ከኢስላም በፊት የነበሩ ዐረቦችና ጽሕፈታቸው

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም። 

ከነገሌ ቦረና፣ ከፊልቱና ከሞያሌ ለመጣነው የጀመዓችን አባላት የመጀመሪያው ደብተራችን ሉሕ ነው። የከሰሉ ቀለም፣ ከእንጨት የተቀረጸው ብዕር፣ የቀኑ ትምህርት ከተሸመደደ በኋላ ታጥቦ እንደገና የሚጻፍበት ሰሌዳ፣ መዓሊሙ በዛፍ ጥላ ሥር የሚያስደግሙን «አሊፍ፣ ባ፣ ታ» እስካሁን ከጆሯችን አልጠፋም። ቀን ከብትና ግመል ጠብቀን ማታ ቁርኣን ቤት እንገባ ነበር። እረኝነትና ፊደል አብረው እንደማይሄዱ የሰማነው ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ነው።

በዚህ ዓመት በሐለቃችን ሁለት አባባሎች ደጋግመው ተነሥተዋል። አንደኛውን ከክፍል ጓደኞቻችን ሰማነው፦ «ዐረቦች ዘላን ስለነበሩ ከኢስላም በፊት ጽሕፈት አያውቁም፤ ስለዚህ ቁርኣን በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ተጻፈ ማለት አይቻልም» ይላል። ሁለተኛው ከራሳችን ሰዎች የመጣ ነው፦ «ዐረብኛ የቋንቋዎች ሁሉ እናት ነው፤ ግእዝም ሆነ ፊደሉ ከዐረብኛ ወጣ» ይላል። አንዱ ያሳንሳል፣ ሌላው ያጋንናል። እኛ ግን በስሜት ከመከራከራችን በፊት ድንጋዮቹ የሚሉትን ማወቅ ይገባናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሂጅራ ካልተባሉ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ዐረብ» የሚለው ስም

እስካሁን በተገኙት መዛግብት «ዐረብ» የሚለው ስም በመጀመሪያ የሚገኘው በዐረቦቹ በራሳቸው እጅ ሳይሆን በጎረቤቶቻቸው ጽሑፍ ነው። የአሦር ንጉሥ ሳልማንሶር ሣልሳዊ ከዒሳ (ዐ.ሰ) ልደት በፊት በ853 በሶርያ፣ ቀርቀር በተባለ ቦታ፣ ግንባር ከፈጠሩ ነገሥታት ጋር ተዋግቶ ነበር። ጦርነቱን ባስቀረጸበት ድንጋይ ላይ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ዐረቡ ጊንዲቡ መሆኑን፣ ይዞ የመጣውም 1,000 ግመል መሆኑን ይናገራል። የሌሎቹ ኃይል በሠረገላና በእግረኛ ሲቆጠር የእርሱ የተቆጠረው በግመል ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ738፣ ለአሦር ከገበሩ ገዥዎች መካከል ዛቢቤ የተባለች የዐረቦች ንግሥት ትጠቀሳለች።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እናርም። በዐረቢያ ልሳነ ምድር ይኖሩ የነበሩት ሁሉ በጥንቱ ዘመን ዐረብ አይባሉም፤ ዐረብኛም አይናገሩም። የመን ውስጥ የነበሩት ሳባና ሒምየር የራሳቸው ቋንቋና ሙስነድ የሚባል የራሳቸው ፊደል ነበራቸው። ጽሑፎቻቸው ዐረቦችን እንደ ሌላ ሕዝብ ነው የሚጠቅሷቸው።

በጥቁር ድንጋይ ላይ የጻፉ እረኞች

አሁን ወደ እረኞቹ እንምጣ። ከደቡብ ሶርያ በሰሜን ምሥራቅ ዮርዳኖስ በኩል እስከ ሰሜን ሳዑዲ የሚዘልቅ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሞላበት በረሓ አለ። በዚያ በረሓ ላይ አጥኚዎች ሰፋይቲክ ብለው የሚጠሯቸው ከ30,000 በላይ ጽሑፎች ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ ከዒሳ (ዐ.ሰ) ልደት በፊት ካለው የመጨረሻው ክፍለ ዘመን እስከ አራተኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተጻፉ እንደሆኑ ይገመታል። ፊደሉ ከሙስነድ ጋር የሚዛመድ ነው፤ ቋንቋው የጥንታዊ ዐረብኛ ዘዬ መሆኑን ዛሬ ብዙ አጥኚዎች ይቀበላሉ።

ጸሐፊዎቹ ነገሥታት ወይም ካህናት አይደሉም፤ ግመልና በግ ጠባቂዎች ናቸው። የጻፉትም ኑሯቸውን ነው። በመጀመሪያ ስማቸውን፣ ከዚያ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን፣ የቅድመ አያታቸውን ስም እያወረዱ ይቆጥራሉ። ሶማሌው አብቲርሲ ብሎ ልጁን የሚያስቆጥረው ዓይነት ሐረግ መሆኑ ነው። ከዚያም ግመላቸውን የት እንዳሰማሩ፣ ዝናብ እየጠበቁ እንደሆነ፣ ለሞተ ዘመዳቸው ማዘናቸውን ይጽፋሉ። በመጨረሻም ላት የተባለችውን ጣዖት ሰላም እንድትሰጣቸው ይለምናሉ። ቁርኣን በሱረቱ ነጅም ስሟን የሚያነሣት ላት፣ ጃሂሊያ ሰዎች በእጃቸው በጻፉት ድንጋይ ላይ እንዲህ ትገኛለች። «ሰላም» የሚለው ቃል ደግሞ ያለ አስተርጓሚ እንኳ ይገባናል።

ዝናብ ሲዘገይ በቦረና ሜዳ ላይ ሰማይ እያየ የሚውል እረኛ ምን እንደሚያስብ ለሚያውቅ ሰው እነዚህ ጽሑፎች እንግዳ አይሆኑም። «ዘላን ነውና አይጽፍም» የሚለው አባባል በእነዚህ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ድንጋዮች ፊት አይቆምም።

በተዋሱት ፊደል

ዐረብኛ ዛሬ በምናውቀው ፊደል ከመጻፉ በፊት በጎረቤቶቹ ፊደሎች ተጽፏል። ሦስት ምሳሌ እንጥቀስ።

የመጀመሪያው ሩብዑል ኻሊ በሚባለው ታላቅ በረሓ ጫፍ ላይ ከምትገኘው ቀርየተል ፋው ነው። ዒጅል የተባለ ሰው ለወንድሙ ያሠራው መቃብር ላይ ያለው ጽሑፍ ፊደሉ ሙስነድ ሲሆን ቋንቋው «አል» የሚለውን መስተአምር የያዘ ዐረብኛ ነው። ዘመኑ ከዒሳ (ዐ.ሰ) ልደት በፊት አንደኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ እንደሆነ ይገመታል።

ሁለተኛው በ267 በአል-ሒጅር፣ ማለትም በመዳኢን ሳሊሕ፣ የተጻፈ ነው። ካዕብ የተባለ ሰው ራቁሽ ለተባለች እናቱ መቃብር አሠርቶ በነበጣውያን ፊደል አስጻፈበት። ነበጣውያን ፔትራን የገነቡ ሲሆኑ የሚጽፉት በአራማይክ ነበር። የካዕብ ጽሑፍ ግን ዐረብኛና አራማይክ የተቀላቀለበት ነው።

ሦስተኛው በ1901 ከደማስቆ ደቡብ ምሥራቅ ነማራ በተባለ ቦታ ተገኝቶ ዛሬ በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም የሚገኘው ድንጋይ ነው። በ328 የሞተው የዐምር ልጅ ኢምሩል ቀይስ የመቃብር ጽሑፍ ሲሆን ፊደሉ ነበጣዊ፣ ቋንቋው ዐረብኛ ነው። ሟቹን የዐረቦች ሁሉ ንጉሥ ብሎ ይጠራዋል፤ ነጅራን ድረስ መዝመቱንም ያነሣል።

የዛሬው ፊደል ሲወለድ

የነበጣውያን ፊደል በፍጥነት ሲጻፍ ሆሄያቱ እየተያያዙ፣ ቅርጻቸው እየተለወጠ ሄደ። በአምስተኛውና በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ዐረብኛ ብለን የምንለየው ፊደል ሆነ። በነጅራን አጠገብ በሒማ የሳዑዲና የፈረንሳይ አጥኚዎች ካገኟቸው ጽሑፎች አንዱ ሠውባን የማሊክ ልጅ የተባለ ሰው ስም ያለበት ሲሆን ዘመኑ 470 አካባቢ ነው። ከሐለብ ደቡብ ምሥራቅ በዘበድ፣ በ512 በተሠራ የክርስቲያኖች ሕንፃ ላይ፣ ግሪክኛ፣ ሱርስትና ዐረብኛ በአንድ ድንጋይ ላይ ይታያሉ። በሶርያ በጀበል ኡሰይስ በ528 አካባቢ አንድ ሰው ንጉሥ አል-ሓሪሥ ወደዚያ ለጥበቃ እንደላከው ጽፏል። በሰሜን ዐረቢያ በዱመተል ጀንደል የ548 አካባቢ ጽሑፍ ፈጣሪን «አል-ኢላህ» ብሎ ይጠራል። በደቡብ ሶርያ በሐራን ደግሞ በ568 የግሪክኛና የዐረብኛ ጽሑፍ ተቀርጿል።

ከሂጅራ (622) በፊት ፊደሉ ነበረ ማለት ነው። ነገር ግን ልክ እንበል፤ እነዚህ በዐረብኛ ፊደል የተጻፉት ጽሑፎች ጥቂትና አጫጭር ናቸው፦ ስም፣ ዱዓ፣ የሕንፃ መታሰቢያ። ከኢስላም በፊት የተጻፈ የዐረብኛ መጽሐፍ እስከ እኛ አልደረሰም።

ሐበሻ የት አለች?

የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በአራተኛው ክፍለ ዘመን ድሉን በአንድ ድንጋይ ላይ በግሪክኛ፣ በግእዝ ፊደልና በሙስነድ ፊደል አስቀርጿል። የግእዝ ፊደል ዘሩ ከደቡብ ዐረቢያው ፊደል ነው፤ የዐረብኛው ግን ከአራማይክ በነበጣውያን በኩል የመጣ ነው። ስለዚህ «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» እና «አሊፍ፣ ባ፣ ታ» እናትና ልጅ ሳይሆኑ ከሩቅ አያት የሚገናኙ ዘመዳሞች ናቸው። ቋንቋዎቹም እንዲሁ።

ንጉሥ ካሌብ በ525 አካባቢ ባሕር ተሻግሮ ሒምየርን ከያዘ በኋላ ሥልጣን የጨበጠው አብረሃ የማእሪብን ግድብ በ548 ሲያስጠግን በሙስነድ ረጅም ጽሑፍ አስቀርጿል። ወደ እርሱ መልእክተኛ ከላኩት መካከል ነጃሺ፣ ሮም፣ ፋርስ፣ እንዲሁም የጀበላ ልጅ አል-ሓሪሥ ይገኛሉ። ይህ ሓሪሥ ያ በጀበል ኡሰይስ ድንጋይ ላይ ያየነው ንጉሥ ነው። አብረሃ በ552 ደግሞ መዐድ በተባሉት የዐረብ ጎሣዎች ላይ መዝመቱን በሙረይጋን ቋጥኝ ላይ አስጽፏል። ያ ጽሑፍ መካንም ሆነ ዝሆንን ስለማይጠቅስ የሱረቱል ፊል ታሪክ ማስረጃ ነው ብለን አንቸኩል።

የቃል ልውውጥም ነበር። በቁርኣን ያለው «ሐዋሪዩን» ከግእዙ «ሐዋርያ» ጋር አንድ ነው። ኢማም አስ-ሱዩጢ በ«አል-ኢትቃን» ባሰፈሩት ዘገባ ደግሞ ቁርኣን ከተሰበሰበ በኋላ ስም ሲፈለግለት፣ በሐበሻ ምድር «ሙስሐፍ» ሲባል ሰምቻለሁ ባለ ሰው ሐሳብ ተስማሙ ይባላል። ግእዙ «መጽሐፍ» መሆኑ ነው።

ነጥብና ሐረካ

ሉሕ ላይ ስንማር «ባ»ን ከ«ታ» የምንለየው በነጥብ ነው። የነማራው ድንጋይ ነጥብ የለውም፤ አንባቢው ከዐውዱ ነው የሚለየው። በነጥብ መጻፍ በግልጽ ከሚታይባቸው ዘመናቸው የታወቀ ሰነዶች አንዱ በ22 ሂጅራ ግብፅ ውስጥ በፓፒረስ የተጻፈ የ65 በጎች ደረሰኝ ነው። የድምፅ ምልክት የሆኑትን ሐረካዎች ዑለማዎቻችን ከአቡል አስወድ አድ-ዱአሊና ከአል-ኸሊል ኢብን አሕመድ ስም ጋር ያያይዟቸዋል። እንግዲህ በነገሌና በፊልቱ የሶማሌ ልጆች «አሊፍ ላ ኮርደበይ፣ አሊፍ ላ ሆስደበይ፣ አሊፍ ላ ጎደይ» እያሉ ሲደግሙ ድምፅ የሌለውን ጥንታዊ ፊደልና በኋላ የተጨመረለትን ድምፅ በአንድ ትንፋሽ ይማራሉ። ግእዝም በዒዛና ዘመን አካባቢ ነው አናባቢ የጨመረው።

እንግዲህ ምን እንመልስ?

ለመጀመሪያው አባባል፦ ዐረቦች ከኢስላም በፊት ይጽፉ ነበር፤ እረኞቻቸውም ጭምር። በመካ የሚጽፉት ጥቂት እንደነበሩ የራሳችን ምንጮች አልደበቁም። አል-በላዙሪ ኢስላም ሲመጣ ከቁረይሽ መጻፍ የሚችሉት 17 ሰዎች እንደነበሩ ዘግበዋል። ጥቂት ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወሕይ የሚጽፉላቸው እንደ ዘይድ ኢብን ሣቢት ያሉ ሶሓቦች ነበሯቸው፤ ሱረቱል በቀራም ዕዳ እንዲጻፍ ያዛል። ጸሐፊ በሌለበት እንዲህ ያለ ትእዛዝ አይወርድም።

ለሁለተኛው አባባል፦ ዐረብኛን ለማክበር ግእዝን ልጁ ማድረግ አያስፈልገንም። የቁርኣን ቋንቋ መሆኑ ይበቃዋል።

ኢማናችን በድንጋይ ላይ አልቆመም፤ ስለዚህ ድንጋይ የሚለውን መስማት አያስፈራንም። ለእረፍት ወደ ነገሌ ስንመለስ ግመል እየጠበቀ ሉሑን በብብቱ የያዘ ታናሽ ወንድማችንን ስናገኝ፣ ከእርሱ በፊት ግመል ጠብቀው ስማቸውን በጥቁር ድንጋይ ላይ የጻፉ ሰዎች እንደነበሩ እንንገረው። «እረኛ ፊደል አያውቅም» የሚለውን ሰው ሲሰማ አንገቱን እንዳይደፋ።

ወላሁ አዕለም።